የሁሉቃ አሸዋ

መጀመሪያ የሰማው ፍግፍጋውን ነው። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው እንደ ሳበ፣ ከግድግዳው ወዲያ ካለው ጓሮ ፈግ፣ ፈግ፣ ፈግ የሚል ድምፅ መጣ። ደሊል ደንታ አልሰጠውም። ዐረፋ ሲቃረብ በወንድሙ ቤት ይህ ድምፅ ከአውራ ዶሮ ቀድሞ የሚቀሰቅስ ነገር ነበር። የወንድሙ ሚስት ቀድሪያ የንጋት ሶላቷን እንደ ጨረሰች እጅጌዋን ሰብስባ ዱካዋ ላይ ትቀመጥና ድስቱን፣ መጥበሻውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ገበቴውን ተራ በተራ ጉልበቷ መሀል እያስገባች ቆዳው እስኪገፈፍ ትፈገፍገዋለች። ሳሙና ዘንድሮ እንኳን ለዕቃ ለገላም ጠፍቷል፤ አንዱ ፍሬ ብር ከስሙኒ ገብቶ እሱም በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ነው። ቀድሪያ ግን ሳሙና ሞላም ጠፋም ግድ የላትም። የምታምነው የሁሉቃን ወንዝ አሸዋ ነው፤ እሱንም ከየትም ሳይሆን ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ጎርፉ አድሮ ሲጎድል ከሚያስቀምጠው። ሰው ሳይነሣ በጓሮ በር ወጥታ፣ አንገቷን ደፍታ ሄዳ፣ ሳፋዋን ሞልታ ትመለሳለች። አምቦ ከገባች ሁለተኛ ክረምቷ ነው፤ ከጓሮ በሩ በቀር በሌላ በር ስትወጣ ያያት ጎረቤት የለም ማለት ይቻላል።

ደሊል ሊተኛ ወደ ግድግዳው ዞር ሲል ጆሮው ቀጥ አለ። እንደ እሱ እንጨት በሚያሾር ማሽን፣ በቶርኖ ላይ የሚውል ሰው እንጨት መሰንጠቁን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ድስት ሲፈገፈግ ይጮኻል፤ ገበቴ ሲፈገፈግ ዲዳ ነው። ይኼኛው ግን ከሆዱ የሚመልስ፣ እንደ ከበሮ የሚተነፍስ ድምፅ ነበረው። ሆዱ ባዶ፣ አፉ ጠባብ የሆነ እንጨት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በዚያ ቤት አንድ ብቻ ነበረ። በባዶ እግሩ ወጣ።

ቀድሪያ ያንኑ ዕቃ ጉልበቷ መሀል ይዛዋለች። ጥቁር ውሃ በክርኗ ይንጠባጠባል። ቀና ብላ አየችው።

«ምነው፣ ቀሰቀስኩህ?»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይኼማ ጉድ ነው። ከገበቴዎቼ መሀል አገኘሁት። ማን እሳት ላይ ጥሎት እንደ ረሳው እንጃ፣ የድስት ቂጥ መስሏል። በዐረፋ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዓይኑ ቢያርፍበት ምን ልባል ነው?»

«እኔ ነኝ ያጠቆርኩት» አለ።

እጇ ቆመ። «አውቀህ?»

«አውቄ።»

«ለምን?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረውም። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ዕቃ ነው። የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ማኅበር ለአልጋ እግር አይሆንም ብሎ የጣለውን የዋንዛ ግንድ ለምኖ ወሰደ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቶርኖው ላይ እያሾረ ሆዱን አሰፋ፣ አንገቱን አቀጠነ፤ ከመኪና ባሌስትራ ባስቀጠቀጠው ቆልማማ ብረት፣ አውራ ጣት በማያሳልፈው አፉ በኩል ውስጡን ፈልፍሎ ባዶ አደረገው። ከዚያ በገለባ እሳት ለበለበው፣ በጋለ ብረት ቦይ ቦይ አወጣለት፣ ከመፈክር ጸሐፊው ከበድሉ የተረፈ ቀይ ቀለም ቀባው፣ ቀለሙ ሲደርቅ መልሶ እሳት ሰደደበት። ቆዳው እንደ አዞ ቆዳ ጠቁሮ ሲሰነጣጠቅ ጨረስኩ አለ። ትናንት ማታ የክፍሉ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ጠብታ እንዳያገኘው ብሎ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ከቀድሪያ ገበቴዎች ጎን ያሳደረውም ራሱ ነው። ማንን ይቆጣል?

«እኔ ባደግኩበት ቤት» አለች ቀድሪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የወተት ዕቃ ውስጡ ይታጠናል። ውጪው ከጠቆረ ግን ሴቲቱ ሰነፍ ናት ይባላል። ያንተ ውስጡ ነጭ፣ ውጪው ጥቁር ሲሆንብኝ ጊዜ የተገለበጠ መሰለኝ።»

ዓብዱልሰላም መፋቂያውን እያኘከ በበሩ ብቅ አለ። ከደሊል በብዙ ዓመት ይበልጣል፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ አባትም ወንድምም እሱ ነው፤ ደሊልን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርስ ያስተማረው ከቤቱ ፊት ካለችው ጠባብ ሱቅ በሚወጣ ትርፍ ነው። ወንድሙን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነውን ዕቃ አየ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አላህ ሲረዳህ እንዲህ ነው። ኮሚቴ ፊት ሳይቀርብ ፊቱን ታጠበልህ።» መፋቂያውን ከአፉ አወጣና ድምፁን አለዘበ። «ቃላችንን አልረሳህም አይደል? ባንኮኒውን አስጠርጌልሃለሁ።»

አልረሳም። ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ዐውደ ርእይ የሚቆሙትን ሥራዎች ዛሬ ከቀትር በፊት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ኮሚቴ ይመርጣል። የደሊል ዕቃ ከተመረጠ ወንድሙ ስለ እንጨት ዳግመኛ አያነሣበትም። ካልተመረጠ፣ ከዐረፋ ማግስት ጀምሮ ቶርኖውን ትቶ ስኳር እየመዘነ ከባንኮኒው ኋላ ይቆማል። በዚያ ቤት ቃል ወጥቶ አይመለስም፤ ሁለቱም ይህን ከአንድ አባት ነው የተማሩት።

ዕቃውን ከቀድሪያ እጅ ተቀበላት። ጀርባውን ሰጥቷት ወጣ። ጀርባ መስጠቱ ከስድብ የከፋ መሆኑን የተረዳው መንገድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልሎ ታቅፎ ጭቃውን እየዘለለ ነበር። ልቡ የሚያሰላው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፀሐይ ብትወጣና ቶሎ ቢደርቅለት፣ ገለባውን አንድዶ የተፈገፈገውን ጎን መልሶ ያጠቁረዋል። ቀለም ካነሰው በድሉ አለ። በድሉም አለ፣ መሰላል ላይ፣ ከአንድ የመንግሥት መጋዘን ግንብ ጋር ተጣብቆ «ዐሥረኛ» የሚለውን ቃል እያደለበ።

«የተረፈ ቀለም አለህ?» አለው ደሊል ከታች።

«ቀይ እንደ ጭቃ ነው፤ ውሰድ። ቢጫ እንዳትለኝ እንጂ፤ ቢጫ ከአዲስ አበባ ካልመጣ የለም።» በድሉ ወደ ጆንያው አንገቱን አሰገገ። «ሬሳ ነው እንዴ ያቀፍከው? ፊትህ እንደዚያ ይላል።»

«እሱን ከቀትር በኋላ ጠይቀኝ» አለና የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞ አለፈ።

ማኅበሩ ግቢ ሲደርስ የሥራ ጓደኛው አመዩ ቶርኖውን አስነሥቶ የአልጋ እግር ያወጣል። አመዩ የሜጫ ልጅ ነው፤ ከእጁ ይልቅ ምላሱ ይፈጥናል፤ እጁም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ደሊል ዕቃውን ከጆንያው አውጥቶ ፀሐይ በምታርፍበት የሥራ ጠረጴዛ ላይ ሲያቆመው አመዩ ማሽኑን አጠፋ።

«አካም ቡልቴ፣ ደሊል? ኩን ማሊ?» አለ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርክ፣ ምንድን ነው ይኼ ማለቱ ነው። ዕቃውን ዞሮ አየው። «ግማሹን ጅብ ልሶታል።»

«የወንድሜ ሚስት ናት።»

«እንግዲያው ወንድምህን አላህ ይሁነው።»

ደሊል ሳይስቅ ገለባ ሊሰበስብ ወጣ። ሲመለስ ደመናው ተከፍቶ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች። ዕቃው ደርቋል። ገለባውን እንደ ያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጥቁሩ ጎን እንደ ነበረ ነው፤ ጥቁር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ኮርቶበታል፤ አሁን ሲያየው ግን የተዘጋ በር ይመስላል። የተፈገፈገው ጎን ግን ተነሥቷል። እሳቱ ያከሰለውን የእንጨቱን ለስላሳ ሥጋ አሸዋው ጠርጎ አውጥቶታል፤ እሳት የማይደፍረው ጠንካራው ጅማት ቀርቶ፣ የሽማግሌ እጅ ላይ እንደሚታየው የደም ሥር ጎላ ጎላ ብሎ በሆዱ ዙሪያ ይፈስሳል። በየጅማቱ መሀል ጥላሸት እንደ ኩል ተኝቷል። ከሁሉ በታች፣ አሸዋው ባልደረሰበት ቦይ ውስጥ፣ የበድሉ ቀይ ቀጭን ሆኖ ይታያል። ደሊል ጣቱን አሳለፈበት። ዝናብ የበዛበት ዓመት ወፍራም ነው፣ ድርቅ የነበረበት ቀጭን ነው። ዛፉ የኖረውን ሁሉ በጣት ማንበብ ይቻላል። ሲፈልገው የከረመው ነገር ይኼ ነበር፤ ፊት ለፊቱ አቁሞት ሲያበቃ በጥላሸት ያለበሰው ራሱ ነው። ገለባውን መሬት ላይ ጣለው።

«አታነድም?» አለ አመዩ።

«አላነድም። የቀረውንም እንደዚህ አደርገዋለሁ።»

ከዚያው ግንድ የተቆረጠ፣ እሳት የሚሞክርበት ቁራጭ ነበረው። በሽቦ ብሩሽ ሞከረው፤ ብሩሹ ጅማቱንም ሥጋውንም ሳይለይ ቦጫጨረው። በብርጭቆ ወረቀት ሞከረው፤ ሁሉንም እኩል አድርጎ ደመሰሰው። ከግቢው አፈር አንሥቶ በውሃ ለውሶ በጨርቅ ሞከረ፤ ጭቃ ቀባው እንጂ አልፈገፈገውም። አመዩ አልጋ እግሩን ትቶ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ያያል።

«ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ «አንተ ያለህ ትምህርት ነው፤ የጎደለህ ሴቲቱ ናት። ሂድና ለምናት፤ ፀሐይዋ እኮ ሄደች።»

ሄደ። ሩጫ አይሉት እርምጃ። ሱቁ በዐረፋ ገበያተኛ ተሞልቷል፤ ሰዎች ሻሽና ዘይት እያስወረዱ ስለ ሙክት ያወራሉ፤ ጌዶ ገበያ ሰማንያ ብር ገባ፣ የሸነን ገበያ ይሻላል፣ የለም ሸነንም ተወድዷል። ዓብዱልሰላም ከሚዛኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ቶሎ ተመለስክ። ባንኮኒው ናፍቆህ ነው?» አለው። ገበያተኛው ሳቀ። ደሊል በመሀላቸው ሾልኮ ወደ ጓሮ ገባ።

ቀድሪያ ዱካዋ ላይ እንዳለች ናት፤ ከፊቷ የታጠቡት ዕቃዎች ፀሐይ ላይ ተደፍተዋል። ጆንያውን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ሁለተኛ ዕቃህን አልነካም» አለች። «ለዓብዱልሰላምም ነግሬዋለሁ።»

«ንኪው ልልሽ ነው የመጣሁት። ጨርሺልኝ።»

ይቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ረዘም አድርጋ አየችው። በዚያ ቤት ሁለት ክረምት አብረው ሲኖሩ፣ «ምሳ ቀርቧል» እና «እጅሽ ይባረክ» ከመባባል አልፈው አያውቁም ነበር። ደሊል ጆንያውን ፈትቶ የተፈገፈገውን ጎን ወደ ብርሃኑ አዞረላት። እሷም ጠዋት ያላየችውን አሁን አየች፤ እጇ ሳታዘው ሄዶ ጅማቱን ነካ። ሳፋውን ሳበችው። ከሥሩ የቀረው አሸዋ ጥቂት እፍኝ ነው። ውሃ ጠብ አደረገችበት፣ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ አመጣጠነችው፣ ዕቃውን ጉልበቷ መሀል አስገባች። ፈግ፣ ፈግ፣ ፈግ።

«እኔ ስሞክረው ለምን እምቢ አለኝ?»

«ገፍተኸው ይሆናላ። ድስት ይገፋል፣ እንጨት አይገፋም። ወደ ሄደበት ተከተለው፤ እምቢ ያለህን ተወው፣ እሺ ያለህን ውሰድ።» ዕቃውን አዙራ ፈገፈገች። «የጠዋቱን ግን አልመለስክልኝም። ለምን አጠቆርከው?»

አሁን መልስ ነበረው። «ቶርኖ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል» አለ። «የመቶ ዓመት ዋንዛም የትናንት ባሕር ዛፍም ከዚያ ላይ ሲወርድ እንደ ጠርሙስ ልሙጥ ነው። እሳት ዕድሜውን ያወጣዋል ብዬ ነበር።»

«አውጥቶት ነበራ። ከነጥላሸቱ ተውከው እንጂ።»

አንገቱ ጋ ስትደርስ ደሊል እጁን ዘረጋ። «እዚህ ላይ ይብቃሽ። አንገቱ ጥቁር ይቅር።»

«ቆሻሻ ሊመስል?»

«ጥቁር ከሌለ ነጩ አይታይም። ሻሽ እንዳሰረች ሴት አድርገሽ እይው።»

አልተዋጠላትም። አንድ ጊዜ አሸዋውን ወደ አንገቱ ልካ መለሰችው። ከዚያ ዕቃውን ራቅ አድርጋ ያዘችና ጭንቅላቷን ወደ ጎን ጣል አደረገች፤ «ይሁን» አለች። የመጨረሻው እፍኝ አሸዋም አልቆ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ የተመረጠ ጤፍ በሳህን፣ በቆሎ ከነአገዳው፣ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ከጭቃ የሠሩት ግድብ፣ ብዙ ስፌት፣ ብዙ ጥልፍ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ የሚናገሩት ግን ሁለቱ ናቸው፤ ሰብሳቢው ጓድ ተሬፋና ከባህል ጽሕፈት ቤት የመጣችው ጓድ ዓለሚቱ። አመዩ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ከበሩ ሥር ቆሟል። ደሊል ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አቆመና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይኼ ምን ዕቃ ነው?» አለ ጓድ ተሬፋ።

«የዋንዛ እንጨት ነው።»

«ምን ይገባበታል?»

«ምንም አይገባበትም።»

ሳቅ ተሰማ፤ አመዩም ሳቀ። ጓድ ተሬፋ አልሳቀም። «ለአርሶ አደሩ፣ ለሠርቶ አደሩ ምን ያደርግለታል ነው የምልህ።»

«ይዳስሰዋል» አለ ደሊል። «ዛፉ የጠገበበትም የተራበበትም ዓመት እላዩ ላይ አለ። ዓይን የሌለው ሰው እንኳ ያገኘዋል።»

ጓድ ዓለሚቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና መዳፏን በዕቃው ሆድ ላይ አሳረፈች። ጅማቱን ተከትላ ዞረች፤ መዳፏ ዙሩን ጨርሶ ከጀመረበት ደረሰ፤ አላነሣችውም፤ ደግማ ዞረች። «ውስጡ ያለው ቀይስ?» አለች።

«የመፈክር ቀለም ነው። ከበድሉ የተረፈ።»

ጓድ ተሬፋ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ፤ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ፈለገው፣ አገኘውም። «እንግዲያውስ ይግባ» አለ። ዓለሚቱ ደግሞ አንዱ ብቻውን ጠረጴዛ እንደማይሞላ፣ ለመክፈቻው መሰሎቹ የሆኑ ሁለት እኅት ዕቃዎች እንደሚያስፈልጉት ተናገረችና ስሙን ልትጽፍ ካርድ አነሣች። «የማን ሥራ ልበል?»

«የደሊልና የቀድሪያ» አለ። «እሳቱ የኔ ነው፤ አሸዋው የወንድሜ ሚስት ሥራ ነው።»

ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። በአምቦ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ገበያ ሩቅ አይደለም። ምሳው ከሱቁ በስተኋላ ባለችው ክፍል፣ በመጋረጃ ከገበያተኛው ተለይቶ ቀረበ። ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ፤ ወጡ የዐዋዜ ሽታ አለው፤ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ሴት ዘይት እስኪቀዳላት እየጠበቀች ከሌላዋ ጋር ስለ ሙክት ታወራለች። ዓብዱልሰላም ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ሚዛኑ ላይ ከባድ ነገር ሲቀመጥ የሚያሳየው ፊት ነው።

«ቃል ቃል ነው» አለ። «ባንኮኒው አይጠብቅህም። ሥራህን ሥራ፤ አላህ ይጨምርልህ።»

«አሚን፣ ጋሼ።»

«የሚስቴን ስም ግን እዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ማን አንሣ አለህ? አሁን የዘይት ደንበኛዬ ሁሉ ‹ሚስትህ ማዘጋጃ ቤት ገባች አሉ› ይለኛል።»

«እኔ አይደለሁም ያነሣኋት፤ እጇ ነው።»

«እጇ የዚህ ቤት ነው» አለ ዓብዱልሰላም። «የሚጨመሩትን ሁለት ዕቃዎች ራስህ ፈግፍግ።»

«እኔ አልችልበትም። ሞክሬዋለሁ። እሷ ከሌለች ሁለቱ የሉም።»

ዓብዱልሰላም ቀጣዩን ጉርሻ ጠቀለለ። ደሊል እውነቱን ተናግሯል፤ ከዚህ በኋላ የሚለው ነገር ልመና ይሆናል፤ ልመና ደግሞ የቀድሪያን እጅ ያሳንሰዋል። ቀድሪያን ምን ትያለሽ ያላት የለም። እሷ ጉርሻዋን ጨረሰች፣ ትሪውን አነሣች፣ ጓሮ ወጥታ እጇን ስትታጠብ የውሃው ድምፅ ተሰማ። ስትመለስ ሻሿን አጥብቃ አስራለች፤ ባዶውን ሳፋ በወገቧ ደግፋዋለች። የጓሮ በሩ ከኋላዋ ነበር። መጋረጃውን ገለጠችና ወደ ሱቁ ገባች። ዘይት የምትጠብቀው ሴት ወሬዋን አቋርጣ ገለል አለችላት፤ የባንኮኒውን መዝጊያ ራሷ ከፈተችው፤ ገበያተኛው መንገድ ሰጣት።

«ቀድሪያ» አለ ዓብዱልሰላም ከመጋረጃው ሥር ቆሞ። «ወዴት ነው?»

ደረጃውን ወረደች፣ ቀና ብላ፣ በቀትር ፀሐይ መሀል አስፋልቱን ይዛ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሄደች።